ስለ «ያልገባች»ዋ ሙሽራ ለወረዳችን ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ ደኅና ነው? ወገብዎስ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ብርዱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ወራት ሁሉ ኮትዎን ወንበርዎ ላይ ተንጠልጥሎ አየዋለሁ እንጂ እርስዎን አንድም ቀን ለማግኘት አልታደልኩም። «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ኮታቸው አለ፣ ይመጣሉ» እየተባልኩ ከኮትዎ ጋር ብቻ ተዋወቅን። ያለ ኮት ይህን ሁሉ ጊዜ ስብሰባ መቀመጥ ደረት ያማልና እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ። ኮቱንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የግራ ኪሱ አፍ ስለተተረተረ ወደ ሱቄ ቢልኩት በነጻ እሰፋልዎታለሁ።

እኔ ሰብሌ መሸሻ እባላለሁ። አየር ጤና፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ መጋረጃ እየሰፋሁ የምተዳደር፣ ወደ ቤቴል መሄጃ ላይ የምኖር የእርስዎው ነዋሪ ነኝ። የወረዳችንን ቁጥር እዚህ ያልጻፍኩት የጎረቤት ወረዳዎች እንዳይቀኑ ብዬ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥበት ቦታ እንዳለ ቢሰሙ ሁሉም ነቅሎ ወደ እኛ ይመጣ ይሆናል፤ ወረፋው ደግሞ አሁንም ለራሳችን አልበቃንም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እፀገነት መዝገቡ ትባላለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ሆላንድ ሄዳ እዚያ ያደገ፣ ብስክሌት የሚጠግን፣ ኢዮስያስ የሚባል የሀገሯን ልጅ አገኘች። ልጁ ሥርዓት አለው፤ እዚህ ባሉ ዘመዶቹ በኩል ሽማግሌ ልኮ ጠየቀን፣ እኛም ደስ ብሎን ሰጠን። የሚኖሩባት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጋብቻቸውን ቀን ቆረጠላቸውና አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ልጅቷ ከዚህ በፊት ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ፣ ተተርጉሞ የሚመለከታቸው ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ። እኔ ደግሞ ለሰርጉ እንድደርስ ቪዛ፣ ለቪዛው የእፀገነት እናት መሆኔን የሚገልጽ የዝምድና ማስረጃ አስፈለገኝ። ባለቤቴ ፎቅ ሲወጣ እንኳ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለሆነ አውሮፕላን የማይታሰብ ነበር፤ ቤተሰቡን ወክዬ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሁለት ወረቀት ማለት ነው፣ ሁለቱም ከእርስዎ ቢሮ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ በሰርጓ ቀን ከፊት ተቀምጬ ጉልበቴን እንድትስምና እንድመርቃት ነበር የምመኘው፣ ሌላ ነገር ከመንግሥት አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፤ ባለቤቴን ስላከበራችሁልኝ አመሰግናለሁ። መስኮቷ ላይ የምትሠራው ወጣት ስሟ ትሕትና ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መልአኩም እንደኛው ሥራ በዝቶበት የሚቸኩልበት ቀን አለ መሰለኝ። በመጀመሪያው ቀን የልጄን ስም አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ጥፍሯን አየችና «መዝገቡ የለም» አለችኝ። ደንግጬ «ኧረ አለ! ቁርሱን አቅርቤለት አይደል የመጣሁት?» አልኳት። «ማዘር፣ መዝገቡ ካልተገኘ ምንም ልንረዳዎት አንችልም» ስትለኝ በቀጥታ ወደ ቤት ተመለስኩና ባለቤቴን አቶ መዝገቡን ሸሚዙን አስቀይሬ ይዤው መጣሁ። መስኮቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ «አቤት፣ መዝገቡ ነኝ» ሲል ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እንደገና ለመሰለፍ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር መዝገቡ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተፈልጎ አያውቅም፤ ማታ እራት ላይም ደረቱን ነፍቶ ነው የበላው። የጠፋው መዝገብ ግን በኋላ ከቢሮአችሁ ጓዳ፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር ተገኘ።

ሁለተኛ፤ ለጤናችሁ ስለምትጨነቁ አመሰግናለሁ። ነፋስ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል በተነሳ ቁጥር መስኮቶቻችሁን ትዘጋላችሁ፣ አገልግሎቱም ነፋሱ እስኪያልፍ ይቆማል። እኛ ውጭ የተሰለፍነው ምን እንደምንተነፍስ የጠየቀን ባይኖርም ደኅና ነን።

ሦስተኛ፤ ስለ አማርኛችን ስፋት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ይህ ረዘም ይላል፤ ስብሰባ ካለብዎ ኮትዎ ያንብበው።

የልጄ ማስረጃ በመጨረሻ ወጣ። ክብ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ሁሉም አለው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «ወይዘሪት እፀገነት መዝገቡ እስከ ዛሬ ድረስ ያልገባች መሆኗን እናረጋግጣለን።» ልብ በሉልኝ፤ ያላገባች አይልም፣ ያልገባች ነው የሚለው። «ላ» ወርዳ «ል» ተተክታለች። እኔ ሁለቴ አንብቤ አላየሁትም፤ ልቤ የሚፈልገውን ቃል ዓይኔ አበጅቶ አነበበልኝ። መዝገቡም መነጽሩን አድርጎ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ማኅተሙ አልተንሻፈፈም» አለ።

ወረቀቱን ይዤ አየር ጤና ያለው ሕጋዊ ተርጓሚ ሁንዴ ዘንድ ሄድኩ። ሁንዴ ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ነጥብና ሰረዝ ሳይቀር እንዳለ ያስቀምጣል። ወደ እንግሊዝኛው ሲገለብጠው «ይህች ወጣት እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም» የሚል ወጣለት፣ እሱንም አጥርቶ ጻፈው። ከእሱ በኋላ ያሉት ባለማኅተሞችም በየተራቸው አሳምረው አተሙበት። እንዲህ ሆኖ አምሮና ተውቦ ሆላንድ ገባ። ልጄ አልገባችም እንጂ ወረቀቷ ገብቷል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሴትዮ ወረቀቱን እንዳነበበች እፀገነትን ለብቻዋ ጠራቻት። ኢዮስያስ ውጭ እንዲጠብቅ ተነገረው። በር ተዘጋ፣ ውሃ ቀረበ። ከዚያ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቤተሰብ እየፈለገሽ ነው ወይ፣ በፈቃድሽ ነው ወይ የመጣሽው፣ ለፖሊስ ተነግሯል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ምስኪኑ ኢዮስያስ በመስታወቱ በኩል ፈገግ ብሎ እጁን ሲያውለበልብ ሴትዮዋ መጋረጃውን ሳበችበት። ልጄ ከዚያ እንደወጣች ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ጠፍቻለሁ እኮ! ወረዳው እየፈለገኝ ነው!» ብላ በመጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች። የተስተካከለ ወረቀት በጊዜ ካልደረሰ ቀኑ ለሌሎች ሙሽሮች እንደሚሰጥ፣ ሌላ ቀን የሚገኘውም የእሷ የመኖሪያ ፈቃድ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነግረዋታል።

ሁንዴ ዘንድ ሮጥኩ። «እትዬ ሰብሌ፣ እኔ የተጻፈውን ነው የምተረጉመው። ማኅተም ያረፈበትን ቃል ባርም ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ወደ ትሕትና ተመለስኩ፤ እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን የሠራተኛዎን ጥያቄና መልስ ለሥልጠና እንዲጠቀሙበት በጥንቃቄ መዝግቤዋለሁ። ልጅቷ አሁን የት ናት ብላ ጠየቀችኝ፤ ሆላንድ አልኳት። መጥታለች ወይ አለችኝ፤ አልመጣችም አልኳት። «ታዲያ አልገባቻ! ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው ማዘር?»

ክቡር ሆይ፣ ለሙግት የማልሰንፍ ሴት ነኝ፤ ደንበኞቼ ይመሰክራሉ። በዚያች ሰዓት ግን ትሕትና ረታችኝ። እንዲያውም ቢታሰብበት ቢሮዎ ከሰጠው ማስረጃ ሁሉ እውነት የሞላበት ያ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ግን አላስቻለውም፤ አንዱ ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ ሰርግ ነው እያሉሽ ነው!» ብሎ ሲጮህ ትሕትና እርማት ይቻላል ብላ ተስማማች። ለእርማቱ የተቀመጠው መስፈርት ደግሞ ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ እንድታመለክት ነው። ያልገባችው ልጄ ያልገባች መባሏን ለማስተካከል መግባት ነበረባት ማለት ነው። ልጄ የሰጠችኝን ውክልና አውጥቼ ከነሙሉ ማኅተሙ መስኮቱ ላይ ስለጥፈው ነው የተቀበሉኝ።

አራተኛ፤ የእናትነትን ምንነት እንዳስብበት ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የእርማቱን ማመልከቻ ሳስገባ የእኔ የዝምድና ማስረጃ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ማኅደሩ አንድ ነው ተባልኩ። ማኅደሩ እርማት ክፍል ከሄደ ዝምድና ክፍል ሊሆን አይችልም፤ ዝምድና ክፍል ከሄደ እርማቱ ይቆያል። ቅጂ ማድረግ አይቻልም ወይ አልኩ፤ የማኅደር ቅጂ እንዲደረግ የሚፈቅዱት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ኮትዎን ጠየቅሁት፣ አልመለሰልኝም። ትሕትና ስክሪብቶዋን ይዛ «የቱ ይቅደም ማዘር?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመስኮት እንደማይጠየቅ ማን ይንገራት? ልጄ ያላገባች ሆና እንድታገባ፣ ወይስ እኔ እናቷ ሆኜ እንድገኝ። «የእሷ ይቅደም» አልኩ። ለመወሰን ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን ታክሲ ውስጥ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ።

አምስተኛ፤ ስለ እርማቱ ጥራት። «ያላገባች» ተስተካክሎ ወጣ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በዚያው ግን የልጄ ስም ከፀሐዩ «ፀ» ወደ ጸሎቱ «ጸ» ተዛውሮ መጣ። ይህንን እንኳን እኔ፣ መዝገቡም በሦስት ሜትር ርቀት አየነው። በእንግሊዝኛ ለውጥ እንደማያመጣ ከሁንዴ አረጋግጬ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ላክሁት፤ ከእናንተ ጋር ከሠራሁ ወዲህ የትኛው ስሕተት ዝም እንደሚባል ማወቅ ጀምሬያለሁ። ወረቀቱ በጊዜው ደረሰ። ቀኑ አልተነጠቀም። እኔ ግን ቪዛ አልደረሰልኝም።

ስድስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ስለ ሰርጉ ቀን ነው።

የዚያን ዕለት ቤታችን በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። መዝገቡ ክራቫት አስሮ፣ የሰፈሩ ልጆች ሰርጉ የሚታይበትን የመዝገቡን ስልክ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው፣ እኔም ለሆላንድ ብዬ ያሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ የከሰዓቱን ሰርግ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅን ሳለ ከቢሮዎ ተደወለ። «የዝምድና ማስረጃዎ ወጥቷል፤ ዛሬ ቀርበው ካልፈረሙ ወደ ማኅደር ክፍል ይመለሳል።» ማኅደር ክፍል የገባ ነገር እንዴት እንደሚወጣ ስለማውቅ፣ ልጄንም አንድ ቀን ሄጄ ማየቴ ስለማይቀር፣ ሰርጉ እስኪደርስ ፈርሜ እመለሳለሁ ብዬ በቀሚሴ ታክሲ ውስጥ ዘለልኩ። ስደርስ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ሲስተሙ ከምሳ በፊት አልመጣም፣ ከምሳ በኋላም ቆየ። ተነስቼ ልሂድ ስል ደግሞ አሁን ይመጣል ይሉኛል። እንዲህ እያልኩ ሰዓቱ ደረሰ።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬን ከፈትኩ። ልጄ የሀገር ልብስ ለብሳ፣ ኢዮስያስ ከጎኗ ቆሞ ታዩኝ። ያቺ ውሃ ያቀረበችው ሴትዮ ናት ያጋባቻቸው፤ አሁን ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ፈረሙ። ከዚያ ኢዮስያስ ስልኩን ይዞ ከፊት ረድፍ ወዳለ አንድ ባዶ ወንበር ሄደና አቁሞ አስደገፈው። ለእኔ ብለው ትተውት የነበረ ወንበር ነው። ሁለቱም ተንበረከኩና የወንበሩን ጠርዝ ሳሙ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ እየቀለድኩ ነው የጻፍኩት፤ ተፈጥሮዬ ነው፣ መዝገቡም ይህንን ፀባዬን ለምዶታል። እዚህ ላይ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ከፋኝ። ጉልበቴ እዚህ፣ ልጄ እዚያ እንጨት ስትስም ማየት በጣም ከፋኝና አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ መመረቅ ጀመርኩ። ወንበሩን የሚስሙ ልጆች እንዴት ዝም ይባላሉ? «ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ» ስል ወረፋው ሁሉ አሜን ይለኛል። ጥበቃው ሽኩር «ማዘር፣ እዚህ ስልክ ክልክል ነው» ለማለት መጥቶ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሲያይ ቆቡን አወለቀና እሱም አሜን አለ። አንዲት ሴት እልል ብላ ኮሪደሩን አናጋችው። ልክ ያን ጊዜ መስኮቱ ተከፈተ። «ሰብሌ መሸሻ! ሲስተም መጥቷል፣ ቶሎ ይፈርሙ፣ ይሄዳል!»

ምርቃቴን አቋርጬ ሄጄ ፈረምኩ። ስመለስ መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ማስረጃው አሁን በእጄ ነው፤ ያምራል። «ወይዘሮ ሰብሌ መሸሻ የወይዘሪት እፀገነት መዝገቡ ወላጅ እናት መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ይላል፤ «ፀ»ም በቦታዋ ተመልሳለች፣ አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። ትንሽ ችግር ቢኖር የልጄ ወይዘሪትነት ፊርማዬ ወረቀቱ ላይ ከማረፉ በፊት ማብቃቱ ነው። ይህንኑ ለትሕትና ስነግራት «የጋብቻ ማስረጃ ያምጡ፣ እናስተካክላለን» አለችኝ፣ መስኮቱንም ዘጋች። ስለዚህ የጋብቻው ማስረጃ ከሆላንድ እስኪመጣ፣ እስኪተረጎም፣ እስኪታተም እጠብቃለሁ።

ልጄ ትዳሯን የጀመረችው በግማሽ ምርቃት ነው። ቀሪውን በስልክ ጨርሺው ይሉኛል ጎረቤቶቼ፤ እኔ ግን በስልክ አልጨርስም፤ ልጄን የምመርቃት እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ነው። ግማሹን ምርቃት ይዤ ወረፋዎ ላይ አለሁ ክቡር ሆይ፤ ሲስተም ሲመጣ ይጥሩኝ።

ትዕግሥቴን ያለ ክፍያ ስላሠለጠናችሁልኝ፣ ከአየር ጤና እስከ ቢሮዎ ያሉትን የታክሲ ረዳቶች ሁሉ በስም ስላስተዋወቃችሁኝ ውለታችሁ አይረሳኝም። ለእርስዎ ጤና፣ ለስብሰባዎ ፍሬ፣ ለሲስተምዎ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ሰብሌ መሸሻ
የእፀገነት እናት (ማስረጃው ተያይዟል)

ማስታወሻ፤ የልጅ ልጅ ሲወለድ አያቱ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ እንደሚያስፈልገኝ ስላወቅሁ ማመልከቻውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስገብቻለሁ። ልጁ ገና አልተፀነሰም። የእናንተን ፍጥነት ስለማውቅ ግን የዘገየሁ እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።